ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ (1858 ዓ.ም. ገደማ፣ ጎንደር – 1945 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ) ዘመናዊ ሕክምና በመማር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ኋላም ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ እና በሎንዶን የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ነበሩ። በውጭ አገር ሰነዶች ዶክተር ቻርልስ ማርቲን በሚለው ስም ይታወቃሉ። በሕፃንነታቸው ከመቅደላ አምባ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ሕንድ አገር አደጉ። እስከ 34 ዓመታቸው አካባቢ ድረስ የገዛ ስማቸውን አያውቁም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ቤተሰብ

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ወልደ ተንሳይ ይባላሉ። የልደታቸው ዓመት በአንዳንድ ጽሑፎች እ.ኤ.አ. 1864፣ በብዙዎቹ ግን እ.ኤ.አ. 1865 ተብሎ ይገኛል።

ዘመኑ የዓፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ነበር። የቴዎድሮስ ንግሥና የተጀመረው ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ ከዳባትና ከደባርቅ ባሻገር ባለው በስሜን ምድር ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። ከዚያም ውቤ ራሳቸው ሊነግሡበት ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ግዛታቸው ተሸርሽሮ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰደው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ወደ ጦር ሰፈራቸው፣ ቀጥሎም ወደ መቅደላ ተጓዘ። ወደ አምባው ከተወሰዱት ሰዎች መካከል የነጋድራስ እሸቴ ቤተሰብ ይገኝበታል።

መቅደላ፣ 1860 ዓ.ም.

በሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቦምቤይ ተነሥቶ ዙላ ላይ ወረደ። ተዋጊው ወደ 13,000 ሲሆን፣ ጭነት የሚያጓጉዘውና የሚያገለግለው ሰው ከዚያ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ተከትለውታል። መኮንኖቹም ሆኑ ወታደሮቹ አብዛኛዎቹ የመጡት ሕንድ ከሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ነው። የወርቅነህ ዕድል በሎንዶን ሳይሆን በፑንጃብ የተወሰነው ከዚህ የተነሣ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ አምባው ሲሰበር ዓፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ዝርፊያ በሰፊው የታወቀ ነው።

በዚያ ትርምስ መካከል ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ የሆነ ወንድ ልጅ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ልጁን ተቀብሎ ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ።

ከመቅደላ የተወሰደው ሌላው ልጅ ዝናው የበለጠ ነው። ልዑል ዓለማየሁ የዓፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ልጅ፣ በእናቱ በኩል የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ ነው። እናቱ ከመቅደላ ሲወርዱ በመንገድ ታመው ዐረፉ። እሱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ስለ ልዑሉ ንግሥቲቱ ትጠይቅ፣ ጋዜጦችም ይጽፉ ነበር። የነጋድራሱን ልጅ ግን ማንም አልጠየቀም። ስሙም አብሮት ስላልሄደ በአገሩ የሞተ ተብሎ ተቆጠረ።

በሕንድና በስኮትላንድ

ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ልጁ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ የትምህርቱን ወጪ ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል ቻለለት። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም እንግዲህ የሁለት አሳዳጊዎች ስም ነው፤ የመጀመሪያው ከቻምበርሌን፣ ሁለተኛው ከማርቲን የተወሰደ። ልጁ እንግሊዝኛና የአገሩን የሕንድ ቋንቋ ሲያውቅ አማርኛን ፈጽሞ ረሳ።

ወጣቱ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምረው በ1874 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1882) ተመረቁ። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1860 የተመሠረተ ሲሆን የአገሬው ተወላጆችን ለረዳት ሐኪምነት ያሠለጥን ነበር። ረዳት ሐኪም ቢሠራም ቢተጋም በሹመት ከእንግሊዛዊ ሐኪም በታች ይቀር ስለ ነበር፣ ማርቲን ገንዘብ አጠራቅመው ወደ ስኮትላንድ ሄዱ። በኤድንበርግ ከፍተኛውን የሐኪምነት ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ አገኙ።

የበርማ የወረዳ ሐኪም

ከስኮትላንድ እንደ ተመለሱ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተመደቡ። እንግሊዝ የላይኛውን በርማ የያዘችው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር፤ አገሩ ገና አልተረጋጋም። በዚያን ጊዜ በገጠር ከተማ የተቀመጠ የመንግሥት ሐኪም ሥራው ቁስል ማጠብና መድኃኒት መስጠት ብቻ አልነበረም። ወህኒ ቤቱን ይመረምራል፤ የፈንጣጣ ክትባት ያስከትባል፤ ሰው ሲገደል አስከሬኑን አይቶ በፍርድ ቤት ይመሰክራል፤ ኮሌራ ሲገባ ውኃውንና ገበያውን ይቆጣጠራል። በየወሩም መዝገብ አዘጋጅቶ ለበላዩ ይልካል። ወርቅነህ በኋላ ዳኛም አገረ ገዥም ሲሆኑ ሥራው እንግዳ ያልሆነባቸው ስለዚህ ይመስላል። የአስተዳደር ትምህርት ቤት ሳይገቡ የአስተዳደርን ነገር በበርማ ሆስፒታሎች ተምረውታል። የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማዳቸውም ጸንቶ ቆየ፤ ዛሬ ስለ ሕይወታቸው የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእሱ ነው። ፒተር ጋሬትሰን የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ሰፊ የሕይወት ታሪካቸውም በዚሁ ማስታወሻ ላይ የቆመ ነው።

ወደ አገር መመለስ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አድዋ ላይ ጣሊያንን ድል አደረገች። ወሬው በርማ ድረስ ደረሰ። ማርቲን ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን እስከ ኤደን መጥተው ለመሻገር ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈቃድ ጠይቀው እንደ ገና መጡ፤ በሐረር በራስ መኮንን በኩል አልፈው በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ዓፄ ምኒልክ ፊት የቀረቡት በአስተርጓሚ ነው። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ በዚያ ዘመን ልጃቸው የጠፋባቸው ሁሉ ጆሯቸውን አቀኑ። ከእነዚህም መካከል አንዲት አሮጊት፣ ሰውየው የልጅ ልጃቸው ከሆነ በክንዱና በእግሩ ላይ እንዲህ ያለ ጠባሳ መኖር አለበት ብለው ተናገሩ። ቢታይ ጠባሳው እንዳሉት ተገኘ። ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ የሚል ስም እንዳላቸው፣ የእሸቴ ልጅ እንደ ሆኑ፣ ትውልዳቸውም ጎንደር መሆኑን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። የተወለዱባት ከተማ በበኩሏ በዚያ መካከል ሌላ መከራ አይታ ነበር፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል።

በዚያ ጊዜ የአገሩ ሕክምና በወጌሻው፣ በባለ መድኃኒቱ፣ በደብተራውና በጠበሉ እጅ ነበር። ወጌሻ አጥንት ይጠግናል፤ ለትል ኮሶ ይጠጣል፤ ፈንጣጣ ሲገባ ከታመመ ሰው ቁስል ተወስዶ ጤነኛው ይከተባል። ከአድዋ በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ ሆስፒታል አቁሞ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የተማሩት ሐኪሞች ግን ሁሉም የውጭ ዜጎች ነበሩ። ወርቅነህ ቤታቸውን ለበሽተኛ ከፈቱ፤ የሚመጣውም ሰው ብዙ ሆነ። ሐኪም የሚለው ቃል ከስማቸው ፊት ገብቶ እንደ ማዕረግ የቀረው ያኔ ነው።

ይሁን እንጂ እንደ ተመለሱ እዚያው አልቀሩም። ደመወዛቸውም ጡረታቸውም በእንግሊዝ መንግሥት እጅ ነበር፤ ሥራ ቢለቁ የዓመታት አገልግሎታቸው ከንቱ ይሆናል። በምሥራቅ የሶማሌው ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ሲነሡና የኢትዮጵያ ጦር ከእንግሊዝ ጋር ተስማምቶ ሲዘምት በሐኪምነት አብረው ሄዱ። ከዚያ ወደ በርማ ተመለሱ።

የዓፄ ምኒልክ ሕመም

ሁለተኛው አመጣጣቸው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነበር የመጡት። ዓፄ ምኒልክ ያን ጊዜ ታመው ነበር፤ ሕመማቸው በየጊዜው እየተነሣ በመጨረሻ አንደበታቸውን ያዘው። የንጉሡን ጤና ማወቅ ማለት የመንግሥቱን ነገ ማወቅ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌጋሲዮን የራሱ ሐኪም ከአልጋው አጠገብ እንዲቆም ይሻማ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ንጉሡን ካከሙት አንዱ ናቸው።

ቦታው ለማንም ሰው አስቸጋሪ ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ የበለጠ። ደመወዛቸውን የሚከፍለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን እንደ ራሱ ሰው ያያቸዋል። ቤተ መንግሥቱ የአገር ልጅ ናቸው ይላል፤ ሆኖም ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን አይቶ ፈረንጅ የሚላቸውም አልጠፋም። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ትዳር መሠረቱ፤ አማርኛቸውንም እንደ ገና እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው ተማሩ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ቤተሰባቸውን ይዘው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ በርማ ሄዱ፤ ጡረታቸውን አስከብረው በ1911 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ። አዲስ አበባ ያን ጊዜ በኅዳር በሽታ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቀብራ ገና አልተጽናናችም ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በበሽታው ተይዘው ለጥቂት ነው የተረፉት።

ከሕክምና ወደ መንግሥት ሥራ

ሐኪም ወርቅነህ ከዚህ በኋላ ዋና ሥራቸው ሕክምና አልሆነም። የተማረ ሰው ጥቂት በነበረበት አገር፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ መዝገብ መያዝ የለመደ፣ ከውጭ ሰው ጋር ሳያፍርና ሳይፈራ የሚነጋገር ሰው ለአልጋ ወራሹ ብርቅ ነበር። አገሪቱ ብቸኛውን የተማረ ሐኪሟን ዳኛና አስተዳዳሪ አድርጋ መጠቀሟ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ የሚለው ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሁለተኛው በዘመናዊ ሕክምና የታወቁት ኢትዮጵያዊ ዶክተር መላኩ በያን ከአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ እሳቸውንም ጦርነቱ ወዲያው ከሕክምናው ወደ ዲፕሎማሲ ወሰዳቸው።

መጀመሪያ ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱ የልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት ነው። ይህ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በኢትዮጵያውያንና በውጭ ዜጎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ያይ ነበር። ዳኛው ከውጭ አገር ቆንስል ጋር አብሮ ተቀምጦ መፍረድ ነበረበት፤ ባይስማሙ ነገሩ ወደ ላይ ይወጣል። የውጭ ዜጎች በአገሩ ሕግ አንዳኝም በሚሉበት ጊዜ የእነሱን ቋንቋና ሥርዓት የሚያውቅ ዳኛ መኖሩ ክብደት ነበረው።

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊው ሐኪም ወርቅነህ ሆኑ። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምር የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነበረ። አዲሱ ግን በአልጋ ወራሹ ገንዘብ የቆመ፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ክፍል ያለው ነው። ኃላፊው ለተማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ በአማርኛ አለመኖሩን አይተው የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች ከጥቂት ዓመት በኋላ የመንግሥት ጸሐፊዎች፣ መኮንኖችና አርበኞች ሆነዋል። ግቢው ኋላ የእንጦጦ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የሆነው ነው።

በዚሁ ዘመን የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በዚያው ዓመት ነጻ የማውጣት ዐዋጅ ወጣ። ነገር ግን ነጻ የወጣ ሰው ወዴት ይሂድ? መሬት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ሙያ የለው። ማኅበሩ በተለይ ነጻ የወጡ ልጆችን ትምህርትና ሙያ ለማስያዝ ሠርቷል። ሐኪም ወርቅነህ ስለዚህ ጉዳይ ከብዙዎቹ የዘመኑ መኳንንት ይልቅ ጽኑ አቋም ነበራቸው። በሦስት ዓመቱ ከእናት አባቱ ተለይቶ በሌላ ሰው ስም ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ የሚገርም አይደለም።

የጣና ጉዳይና የአሜሪካ ጉዞ

ሐኪም ወርቅነህ ከሄዱባቸው የመንግሥት መልእክቶች የጣናው ከሁሉም ይበልጥ ከእንግሊዝ ጋር አላተማቸው። እንግሊዝ ግብፅና ሱዳንን ይዛ የጥጥ እርሻ ስታስፋፋ የዓባይን ውኃ ከጣና ሐይቅ መቆጣጠር ትፈልግ ነበር። ዓፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል፣ ከእንግሊዝ ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያቋርጥ ሥራ እንዳያሠሩ ቃል ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 ማለቂያ እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ተስማሙ፤ እንግሊዝ የጣናን ግድብ ስትወስድ ጣሊያን በምዕራብ ኢትዮጵያ የባቡር መንገድና የንግድ የበላይነት ታገኛለች ማለት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ሁለቱ መንግሥታትም አሳባችን እንዲህ አልነበረም ብለው አፈገፈጉ።

ኢትዮጵያ ቀጥላ ያደረገችው ግድቡን ራሷ ለማሠራት ሦስተኛ ወገን መፈለግ ነው። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኒውዮርክ ሄደው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ወሬው በአሜሪካ ጋዜጦች ሲወጣ ሎንዶን ተቆጣች። የእንግሊዝ ሹማምንት ነገሩን የከፋ ያደረገባቸው ተደራዳሪው በእነሱ ትምህርት ቤት የተማረ፣ በእነሱ መንግሥት ጡረታ የወጣ ሰው መሆኑ ነበር። የኩባንያው መሐንዲሶች ከጥቂት ዓመት በኋላ መጥተው ሐይቁን ለኩ፤ ግድቡ ግን ጦርነቱ ስለ ቀደመው ሳይሠራ ቀረ።

በኒውዮርክ ሳሉ ሃርለም ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ ሙያ ያላችሁ መጥታችሁ አገራችንን አግዙ ብለው ጋበዟቸው። በኋለኞቹ ዓመታት ከዚያ ወገን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መምህራን፣ አብራሪዎችና ባለሙያዎች ነበሩ። የመጡበት ምክንያት የተለያየ ቢሆንም በመንግሥት ስም ከቀረቡት ቀደምት ጥሪዎች አንዱ ይህ ነው።

የጨርጨር ገዥ

ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ በሐረርጌ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር ቡና አብቃይ ደጋ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር በግርጌው ያልፋል። ከእሳቸው ቀደም ብለው የገዙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የተማሩ፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት የረቀቁ ሰው ናቸው። አሰበ ተፈሪን ከተማ ያቆሙት፣ ግብርን በመዝገብ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ። ጨርጨር ለሌላው ጠቅላይ ግዛት ምሳሌ ይሆናል ተብሎ የተመረጠ አውራጃ ስለ ነበር፣ የሚሾምበት ሰውም ከመኳንንቱ ይልቅ ከተማሩት ይመረጥ ነበር።

ምሳሌነቱ ምኑ ላይ እንደ ነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። በሌላው ክፍል ገዥው ደመወዝ የለውም፤ እሱና ወታደሮቹ የሚኖሩት ገበሬው በሚያመጣው እህል፣ ማርና ጉልበት ነው። ገዥ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ሠራዊት አዲስ አፍ ይዞ ይገባል። በጨርጨር የታሰበው ግን ገበሬው የታወቀ ግብር በገንዘብ እንዲከፍል፣ ሹሙም በደመወዝ እንዲኖር ነው። ሐኪም ወርቅነህ ይህንን ሥርዓት ከተክለ ሐዋርያት ተረክበው ቀጠሉበት፤ መንገድ ማሠራትንም ወደዱ። በርማ ሳሉ የለመዱት የመዝገብና የጉብኝት አሠራር እዚህ ሥራ ላይ ዋለ። ሥርዓቱ ወደ ሌሎች አውራጃዎች እስኪስፋፋ ጊዜ አልተገኘም።

ሎንዶን፣ 1927–1928 ዓ.ም.

በወልወል ግጭት (ኅዳር 1927 ዓ.ም.) ምክንያት የጣሊያን ጦርነት እየቀረበ ሲመጣ ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ዕድሜያቸው 70 ሊሆን ነው። በዚያው ጊዜ በፓሪስና በጄኔቭ ኢትዮጵያን ይወክሉ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ ሁለቱ የጨርጨር ገዥዎች አገሪቱ በአውሮፓ የቆመችባቸው ሁለት እግሮች ሆኑ ማለት ነው።

ሥራቸው ሁለት ነገር መለመን ነበር፤ ብድርና መሣሪያ። ሁለቱም አልተገኙም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1935 ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ፈቃድ ከለከለ። በወረቀት ሲያዩት እኩል ነው፤ ነገር ግን ጣሊያን መድፉንና አውሮፕላኑን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፣ ኢትዮጵያ አንድም የላትም። ሐኪም ወርቅነህ በየስብሰባው እየተናገሩ፣ ለጋዜጣ እየጻፉ፣ ለቀይ መስቀል ርዳታ እየሰበሰቡ ቆዩ። ሕዝቡ ያደንቃቸዋል፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በትሕትና ያሰናብታቸዋል። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው ሎንዶን ዋተርሉ ጣቢያ ሲደርሱ ከተቀበሏቸው መካከል እሳቸው ነበሩ። ለኢትዮጵያ ብዙ የደከመችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት በዚያው ወር የጀመረችው ጋዜጣም ከሌጋሲዮኑ ጋር በቅርብ ይሠራ ነበር።

ዮሴፍና ቢንያም

ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረዋል። ጦርነቱ ሲጀመር ከአባታቸው ጋር ሎንዶን መቅረት ይችሉ ነበር፤ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በነቀምት ከጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ከተማሩ ወጣቶች ጋር በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ተሰለፉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በእንግሊዝ የተማሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ወጣቶቹ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ደቡብ ሲጓዙ በጣሊያን ጦር ተከበው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ጣሊያኖች ከሕዝቡ ጭፍጨፋ ሌላ የተማሩትን ወጣቶች እየለዩ ገደሉ። ዮሴፍና ቢንያም በዚያ ተረሸኑ። አባታቸው መርዶውን የሰሙት በባዕድ አገር ነው። እንግሊዝ ደግሞ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆኑን በይፋ ተቀበለች።

የመጨረሻ ዓመታት

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አርጅተው ስለ ነበር ትልቅ ሹመት አልያዙም። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በ87 ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ።

በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚነሡት ብዙውን ጊዜ ከ1928 ዓ.ም. በፊት ከነበሩት የለውጥ አሳቢዎች ጋር፣ ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎን ነው። ከእነዚህ የሚለዩት በጽሑፍ ሳይሆን በሥራ በመታወቃቸው ነው፤ ከማስታወሻቸው በቀር አሳባቸውን ዘርግተው ያስቀመጡበት ትልቅ መጽሐፍ የለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ያ ማስታወሻ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም።

በትውልድ ከተማቸው በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954፣ እሳቸው ባረፉ በሁለት ዓመት ነው። በዓመቱ ከዚያ በፊት ወባ በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ ያሠለጥናቸው የነበሩት ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ሐኪም በሌለበት ገጠር ክትባቱንም፣ የውኃውን ንጽሕናም፣ በሽተኛውንም አንድ ላይ እንዲይዙ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም ከ1980ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ጤና በቋሚነት የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ አለው።